ብርቱው ለምን ዝም አለ?

እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ ላይ ክላርክ ኬንት፣ ማለትም ማንነቱን የሰወረው ሱፐርማን፣ ለውትድርና ሊመዘገብ ሄደ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ፐርል ሃርበር ከተመታ ገና ሁለት ወር አካባቢ ነው። የሱፐርማንን ታሪክ በየዕለቱ በጋዜጣ የሚከታተለው አንባቢ፣ ያ ጥይት የማይበሳው ሰው ሄዶ ጦርነቱን እንዲያቆምለት ይጠብቃል። ደራሲዎቹ ግን ጨነቃቸው። ሱፐርማን በሥዕል ጦርነቱን ቢያቆም፣ በዚያው ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ የሟቾች ቁጥር መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ክላርክን ዓይን ምርመራ ላይ ጣሉት። ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያየው ዓይኑ ፊት ለፊቱ የተሰቀለውን ሰሌዳ አልፎ፣ በሚቀጥለው ክፍል የተሰቀለውን ፊደል አነበበ። ሐኪሙም አትሆንም ብሎ መለሰው።

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ስቆ ያልፈዋል። እኔ ግን በልዕለ ጀግኖች ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሃይማኖታዊ ገጽ አላውቅም። ሁለት ወጣት ደራሲዎች ሳያስቡት በኢዮብ ጥያቄ ተያዙ፤ ማዳን የሚችል ካለ፣ ለምን አያድንም?

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እሑድ እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ አነባለሁ፣ ስላነበብኩትም ግምገማ እጽፋለሁ። አዳዲስ ኮሚኮች መደብር የሚደርሱት ረቡዕ ስለሆነ፣ የጾሙን ምሳዬን ከበላሁ በኋላ የመጀመሪያ ጉዳዬ ወደዚያ መሄድ ነው። በመስከረም፣ እንቁጣጣሽ ሰሞን፣ እዚሁ ጎረቤታችን ቤተስዳ በኩል ስሞል ፕሬስ ኤክስፖ የሚባል ትርኢት ይካሄዳል። ከ1994 ጀምሮ ያለ ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ሳይሆኑ፣ ብዙዎቹ መጽሐፋቸውን ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ሥለው፣ አንዳንዶቹም በእጃቸው አጥፈውና በስቴፕለር መትተው የሚያመጡ ሰዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ይጠብቃሉ። ጥያቄዬን ያጠነከሩብኝ ከእነዚያ ጠረጴዛዎች የሰበሰብኳቸው መጻሕፍት ናቸው።

ከቅዳሴ በኋላ አንድ አባት ጠርተውኝ፣ «እህቴ፣ ልጄ እነዚህን መጻሕፍት ከእጁ አይለይም። ሰው ሲበር፣ ሰው እንደ አምላክ ሲሆን እያየ ነው ውሎ የሚያድረው። ጣዖት አይሆንበትም ወይ?» አሉኝ። አባት ለልጁ ነፍስ እንዲህ ሲጨነቅ ማየት ያስደስታል። ነገር ግን አደጋው እርሳቸው የፈሩት ቦታ ላይ አይመስለኝም። ሱፐርማን ለጣዖትነት አይበቃም፤ የሚሰግድለት ልጅም ገጥሞኝ አያውቅም። ልጆቹ ካደጉ በኋላ ውስጣቸው የሚቀረው ሌላ ነገር ነው፤ ብርቱው ዝም ባለ ቁጥር አንድ ትንሽ፣ ቶሎ የምትዋጥ ምክንያት ትገኛለች የሚል ልማድ።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ ፈጣሪዎቹ መመለስ ይገባል። ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር ኦሃዮ ውስጥ፣ ክሊቭላንድ ላይ በጉርምስናቸው የተገናኙ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ናቸው። የሲግል አባት ልብስ ቤት ነበራቸው፤ በ1932 ሌቦች ገብተው ሲዘርፏቸው እዚያው ሱቃቸው ውስጥ ወድቀው ሞቱ። ልጁ በኋላ ጥይት የማይበሳው ሰው ፈጠረ። «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በ1938 በ10 ሳንቲም ሲሸጥ፣ በውስጡ ያለው ሱፐርማን ዓለምን አያድንም። ያለ ጥፋቷ ልትገደል የተፈረደባትን ሴት ያስጥላል፣ ሚስቱን የሚደበድብ ባል ይቀጣል፣ ጉቦኛ የምክር ቤት አባል ይከታተላል። እንዲህ ያለውን አዳኝ ማንም የተበደለ ሰው ቢመኘው አይፈረድበትም። ወጣቶቹ ግን መብቱን በ130 ዶላር ሸጠውት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጀግናው የእነርሱ አልነበረም።

በየካቲት 1940 «ሉክ» የተባለው መጽሔት ሱፐርማን ጦርነቱን እንዴት ሊጨርስ እንደሚችል እንዲያሳዩ ጠየቃቸው። ሁለት ገጽ ሠሩ። ሱፐርማን ሂትለርን አንቆ፣ ስታሊንን ጨምሮ፣ ሁለቱንም ጄኔቭ ወስዶ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለፍርድ አቆማቸው። የናዚዎቹ የኤስ.ኤስ. ጋዜጣ ተናዶ ሲግልን በአይሁድነቱ እየዘለፈ ጻፈበት። እኔ እነዚያን ሁለት ገጾች የማነባቸው እንደ ጸሎት ነው፤ ወገኖቹ እየታደኑ ያለ ሰው የሚጸልየው ጸሎት። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ ጄኔቭ ላይ ሲደርስ ልቡ መቆሙ አይቀርም። ያን ሸንጎ እናውቀዋለን። በ1936 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቆመው የአገራቸውን በደል የተናገሩበት፣ ሰምቶም ያላዳነ ሸንጎ ነው። ሱፐርማን በምኞት ውስጥ እንኳ ወንጀለኞቹን ያስረከበው ዝም ላለ ዳኛ ነበር።

ከዚያ በኋላ የዓይን ምርመራው መጣ። ሲግል ራሱ በ1943 ለውትድርና ተጠራ። የሹስተር ዓይን ግን በእርግጥም ደካማ ነበር፤ በስተእርጅናው ጨርሶ ማየት እስኪቸግረው ደረሰ። ክሪፕቶናይት የተባለው፣ ሱፐርማንን የሚያደክመው ድንጋይ በ1943 በሬዲዮ ድራማው ተፈጠረ፤ በ1949 ወደ ኮሚኩ ገባ። የኮሚክ ሙያ የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ድክመት ነው። በየወሩ የሚወጣ መጽሐፍ በሚቀጥለው ወር የሚያስነብብ ችግር ያስፈልገዋል፤ ሁሉን ማድረግ የሚችል ጀግና ደግሞ ሁለተኛ ክፍል አይኖረውም። ስለዚህ ኃይሉ ይቀነሳል፣ ሌላ ፕላኔት ይላካል፣ ይታመማል፣ ይታለላል። አንባቢው የጠየቀው «ለምን አላዳነም?» ብሎ ነው፤ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ «አልቻለም ነበር» የሚል ነው። ጥያቄው የቀለለው በዚህ መንገድ ነው።

ከልዕለ ጀግኖቹ መካከል ከዚህ ልማድ የወጣ አለ። በ1962 ስታን ሊ እና ስቲቭ ዲትኮ ባወጡት የመጀመሪያው የስፓይደርማን ታሪክ ውስጥ፣ ልጁ ሌባውን ማስቆም እየቻለ አያገባኝም ብሎ አሳለፈው፤ ያው ሌባ አሳዳጊ አጎቱን ገደለበት። እዚህ ላይ «አልቻለም» የሚል ማምለጫ የለም። ይችል ነበር፤ አላደረገም። ዲትኮ በመጨረሻው ሥዕል ልጁን አሳንሶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጨለማ ሲሄድ ሣለው። ታሪኩ 11 ገጽ ብቻ ነው፤ ከእርሱ ወዲህ ከወጡት ከብዙዎቹ ወፋፍራም ቅጾች አስበልጠዋለሁ።

ይሁን እንጂ ዝም ያለው ልጅ ስለሆነ ነው ንስሐ መግባት የቻለው። ዝም ያለው እግዚአብሔር ሲሆንስ?

ይህን ፊት ለፊት የጠየቀው ዊል አይስነር ነው። አይስነር ራሱ የመጣው ከጭንብል ለባሾቹ ሰፈር ነው፤ ከ1940 ጀምሮ «ዘ ስፒሪት» የተባለውን ወንጀል አዳኝ ለጋዜጦች ሲያዘጋጅ ኖሯል። በ1978፣ ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ «ከእግዚአብሔር ጋር የተገባ ውል» የተባለውን መጽሐፉን አወጣ። ፍሪም ኸርሽ የተባለ አንድ አይሁዳዊ፣ ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ፣ የሚወዳት ልጁን ቀብሮ በዝናብ ወደ ቤቱ ሲመለስ ታሪኩ ይጀምራል። ኸርሽ ገና ልጅ ሳለ ከሩስያ ሲሰደድ፣ በጎ ቢሠራ እግዚአብሔር እንዲጠብቀው በትንሽ ድንጋይ ላይ ውል ቀርጾ ነበር። ቃሉን ጠብቆ ኖረ። በደጁ ተጥላ ያገኛትን ሕፃን አሳደገ፤ ስሟንም በእናቱ ስም ራሔል አላት። ራሔል በአፍላ ዕድሜዋ ታማ ሞተች። ኸርሽ ውሉን አፍርሰሃል ብሎ ከፈጣሪው ጋር ተሟገተ፣ ድንጋዩ ላይ ተፍቶ በመስኮት ወረወረው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አልተርክም። ጢሙን ይላጫል፣ የምኩራቡን አደራ ገንዘብ አስይዞ ሕንፃ ይገዛል፣ ባለጠጋ ይሆናል፣ ባዶነት ይበላዋል። በመጨረሻ የምኩራቡን ሽማግሌዎች ለምኖ አዲስ ውል ያጽፋል፤ እንደገና ደግ ሰው ሊሆን ሲያቅድ፣ በዚያችው ሌሊት ልቡ ቆሞ ይሞታል። አይስነር ምክንያት አይሰጥም። ቅጣት ነው አይልም፣ አጋጣሚ ነውም አይልም። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ያለው ዝናብ፣ ያ እንደ ዳንቴል እየተንጠባጠበ ፊደሉን ሳይቀር የሚያረጥበው ቀለም፣ ከንግግሩ ሁሉ ይበልጣል። ከብዙ ዓመታት በኋላ አይስነር በመቅድም ላይ እውነቱን ጻፈ። አሊስ የምትባል ልጁ በ1970፣ በ16 ዓመቷ፣ በደም ካንሰር ሞታበት ነበር። የኸርሽ ሙግት የራሱ ሙግት ነው።

መጽሐፉን ባነበብኩት ቁጥር ወደ እኛ ገድላት ይመልሰኛል። በገድሎቻችን መጨረሻ ጻድቁ ሊያርፍ ሲል ጌታ ተገልጦ ኪዳን ይሰጠዋል። ኪዳኑን ግን ጻድቁ ለራሱ አይጠቀምበትም። ስምህን የጠራ፣ መታሰቢያህን ያደረገ፣ በስምህ የተራበ ያበላ ይማራል ይባላል፤ ተጠቃሚው ገና ያልተወለደው፣ ሩቅ ያለው ኃጢአተኛ ነው። የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት ቀን የምንሰማው በላዔ ሰብእም እንዲሁ ነው። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለተጠማ ድሃ ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ ሚዛኑም በእርሷ ጥላ አደላለት። በሒሳብ ካየነው ይህ ሚዛን የተዛባ ነው። የኸርሽ ድንጋይ ትክክለኛ ሒሳብ ነበር፤ እሰጥሃለሁ፣ ትሰጠኛለህ። መከራ ሲመጣ የተሰበረውም ሒሳብ ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ስል ግን ልጁን የቀበረ አባት ላይ መፍረዴ አይደለም። ኢዮብም ሒሳቡን ይዞ ነው የተሟገተው፤ እግዚአብሔር ግን ቅን ነገር ተናገረ ብሎ የመሰከረለት ለእርሱ እንጂ ለወዳጆቹ አይደለም።

ወዳጆቹን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እስከዚያ ድረስ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። የተበላሹት ማብራራት ሲጀምሩ ነው። ለቅሶ ቤት የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ገብቶ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጠው ጎረቤት ሐዘንተኛውን ይሸከማል። «ለበጎ ነው» እያለ የሚያስረዳው ግን ያቆስለዋል። እኔም ኮሚክ የምገመግመው በዚሁ ሚዛን ነው። ሥዕሉ አማረ፣ ቀለሙ ደመቀ ከማለቴ በፊት፣ መጽሐፉ ሐዘን ሲመጣ ይቀመጣል ወይስ ለማስረዳት ይቸኩላል ብዬ አየዋለሁ።

በዚህ ሚዛን የሚወድቁት ትልልቆቹ ድርጅቶች ብቻ አይደሉም። በመስከረሙ ትርኢት ከምገዛቸው መካከል፣ አንድ መከራ አሳይተው በመጨረሻው ገጽ «ስለዚህ እግዚአብሔር የለም» ብለው የሚዘጉ ብዙ ናቸው። ይህም ያው የኢዮብ ወዳጆች ጥድፊያ ነው፤ ጥያቄውን ላለመሸከም የተገኘ ሌላ ምክንያት። ማርጃን ሳትራፒ «ፐርሰፖሊስ» በተባለው ኮሚኳ እንዲህ አላደረገችም። በኢራን አብዮት ዘመን፣ ሌሊት ሌሊት ከእግዚአብሔር ጋር የምታወራው ትንሽ ልጅ፣ አጎቷ ሲገደል ከክፍሏ ውጣ ብላ ታባርረዋለች። ቀጥሎ ልጅቷ በጠፈር ላይ ብቻዋን ተንሳፍፋ ትታያለች፤ የቦምቡም ድምፅ ይመጣል። ስለ ፈጣሪ መኖር ብያኔ አልተሰጠም። የተሣለችው እግዚአብሔር የሄደባት ልጅ ብቻ ናት። አማኝ ሆኜ ሳነበው የተቀየምኩበት ቦታ የለም፤ ዳዊትም በመዝሙሩ ለምን ራቅህ ብሎ ጮኋል።

ያን አባት የመከርኳቸውን እዚህ ለሌሎች ወላጆችም እደግመዋለሁ። ልጆቻችሁ ሱፐርማንንም ስፓይደርማንንም ያንብቡ፤ ሰው ሲበር ማየታቸውን አትፍሩ። አይስነርን ግን ለትንንሾች አትስጡ፤ ራቁትነትና ጭካኔ አለበት። ዐሥራ ሰባት፣ ዐሥራ ስምንት ሲሞላቸው አብራችሁ አንብቡት፤ ጨርሰው «ለምን?» ቢሏችሁ መልስ አትፈልጉላቸው፣ መጽሐፈ ኢዮብን አውጥታችሁ ቀጥሉ።

ለሠዓሊዎቻችንም ልመና አለኝ። በ2018 የብስራት ደበበ «ጀምበር» ወጥቶ ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በአማርኛ አነበብን፤ ደስ ብሎኛል፣ ይቀጥል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይን እየሣለ ገድልን በተርታ ሥዕል ሲተርክ የኖረ ወገን ግን ከዚህም በላይ ይችላል። የኢዮብን መጽሐፍ በአማርኛ ኮሚክ ሥሩልን፤ ሰባቱን የዝምታ ቀናት አታሳጥሩ።