ሦስቱ ፈረሶችና የእኛ መኪኖች



ውድ አንባብያን፤ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ መኪና እወዳለሁ። የሰው መኪና ውስጥ ስገባ ገና ሰላምታ ሳልጨርስ ዓይኔ ወደ ዳሽቦርዱ የሚሄድ፣ ጆሮዬ ሞተሩን የሚያዳምጥ ሰው ነኝ። በዚህ ምክንያት ከወዳጆቼ ሁለት ዓይነት ምክር ይደርሰኛል። አንደኛው ወገን፣ “መኪና ከቦታ ቦታ ማድረሻ ነው፤ ከዚያ አልፎ መውደድ በዱንያ መታለል ነው” ይለኛል። ሁለተኛው ደግሞ፣ “ገንዘቡ ሐላል እስከሆነ ድረስ የምትገዛውም ሆነ አነዳድህ የራስህ ጉዳይ ነው” ይለኛል። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ጥያቄ የሳቱት ይመስለኛል።

ለመጀመሪያው ወገን መልሱ ሩቅ አይደለም። በሱረቱ አን-ነሕል አላህ (ሱ.ወ) ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን ለመጓጓዣም ለጌጥም እንደፈጠረልን ያወሳል፤ ገና የማናውቀውንም እንደሚፈጥር ይነግረናል። ጌጥነቱ ከጥቅሙ ጎን ተጠቅሷል ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምቹ መጓጓዣን ከሰው ልጅ የደስታ ምንጮች መካከል ቆጥረውታል። ልብሱና ጫማው እንዲያምርለት ስለሚወድ ሰው በተጠየቁ ጊዜም፣ ይህ ኩራት እንዳልሆነ፣ ኩራት ማለት እውነትን አለመቀበልና ሰውን መናቅ እንደሆነ አስተምረዋል። እንግዲህ ጥያቄው ያለው በመኪናው ዋጋ ላይ ሳይሆን በዚህች “ሰውን መናቅ” በምትለው ላይ ነው። ሁለተኛው ወገን የዘነጋውም እርሷን ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ስለ ጉልበት እናውራ። የመኪና ጉልበት እስከ ዛሬ የሚለካው በፈረስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ አየሯ ስስ ነው። ስለሆነም ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት የጻፈለት መኪና እንጦጦ ዳገት ላይ 80 እንኳ ላይሞላ ይችላል። ይሁንና ከዚህ የሚከብድ ሌላ ስሌት አለ። ፍጥነታችን በሰዓት ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ሲያድግ የግጭቱ ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በ60 የሚሄድ ሹፌር እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዞር አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው ገና ፍጥነቱን ሳይቀንስ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ እኔ መኪና ስመርጥ ከሞተሩ በፊት ፍሬኑንና ጎማውን አያለሁ። ውድ ቴፕ አስገጥሞ ያለቀ የፍሬን ሸራ የማይቀይር ሰው፣ መኪና ወዳድ ሳይሆን ራሱን ወዳድ ነው።

ወደ ውስጥ እንግባ። ጥሩ ወንበር ወገብ ይደግፋል፣ በሚገባ የሚገጥም በር የውጭውን ጩኸት ያስቀራል። ይህ ቅንጦት ብቻ አይደለም፤ ያልደከመ ሹፌር ትዕግሥት አለው። ነገር ግን ውስጡ በተመቸን መጠን ውጪ ያለው ሰው ይርቀናል። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው።

አንድ የክረምት ቀን ከጁምዓ ሰላት በኋላ በኮልፌ በኩል ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነበር። ዝናቡ ማባራቱ ነው። መስታወቱን ዘግቼ የቁርአን ቲላዋ እየሰማሁ ነው። ፊት ለፊቴ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ፣ ከጎኑም ፌስታል ያንጠለጠሉ አንዲት እናት አየሁ። ፍሬን ልይዝ አሰብኩና ከኋላዬ የሚከተለኝን መኪና ሰበብ አድርጌ አለፍኩ። ጭቃው ከሻርፓቸው እስከ ጫማቸው ለበሳቸው። ጮኸውም ከሆነ አልሰማሁም፤ መኪናዬ ድምፅ አያስገባም። ጥቂት እንደሄድኩ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። እናታችን በእግራቸው ደረሱብኝ። መስታወቱን ዝቅ ሳደርግ፣ “ልጄ፣ ሳታየኝ ቀርተህ ነው አይደል?” አሉኝ።

ማምለጫውን ራሳቸው ሰጥተውኝ ነበር። መዋሸት ግን አልቻልኩም። “አይቼዎታለሁ እማማ፤ አፉ ይበሉኝ። ይግቡና ላድርስዎት” አልኳቸው። ወደ ውስጥ አየት አደረጉና፣ “ተወው፤ ወንበርህን አቆሽሽብሃለሁ። አፉ ብዬሃለሁ” ብለው ሄዱ። ቲላዋው አሁንም አልቆመም ነበር።

በመኪናዬ በሰው ፊት ተኩራርቼ አላውቅም ብዬ አስብ ነበር። ይሁንና በዚያች ቅጽበት የእኔን ሁለት ሰከንድና የእሳቸውን ቀን በሚዛን አስቀምጬ፣ የእሳቸው ቀለለብኝ። ሰውን መናቅ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈረስን በሦስት ይከፍሉታል። ለአንዱ ሰው አጅር ነው፣ ለአንዱ ከችግር መሸፈኛ ነው፣ ለታይታና ለጉራ ለያዘው ደግሞ ወንጀል ነው። ልብ በሉ! እንስሳው ያው ፈረስ ነው፤ የተለያየው ባለቤቱ ነው። ሰሐቦች ስለ አህያስ ሲጠይቋቸው፣ ስለ እርሱ ለብቻው የወረደ ነገር እንደሌለ፣ ነገር ግን የብናኝ ክብደት የምታህል መልካምም ሆነ ክፉ ሥራ እንደማትጠፋ የምትናገረዋን ሁሉን ጠቅላይ አያ አመለከቷቸው። የእኛም መኪና ያለው እዚያች አያ ውስጥ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ ያሳስባል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን እየበዛ ነው። ሞተሩ አየር ስለማያስፈልገው ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ እግር እንደነካው ይወረወራል። የለመድናት ቪትዝ ከ1 ቶን በታች ስትመዝን፣ ከአዲሶቹ አንዳንዶቹ ወደ 2 ቶን ይጠጋሉ። በዚያ ላይ ዝግ ብለው ሲሄዱ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም። ድሮ እግረኛው መኪና መምጣቱን ሰምቶ ይሸሽ ነበር፤ አሁን የመጠንቀቁ ሸክም ይበልጡን ወደ ሹፌሩ ዞሯል። ነዳጁ ስለቀረ ብቻ አማናው አልቀለለም።

በመጨረሻም ወደ መስጊዶቻችን ደጃፍ ልመለስ። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ጁምዓ ሲደርስ መኪናችንን በሰው መኪና ላይ ደርበን፣ የእግረኛውን መሄጃ ዘግተን ወደ ሰላት የምንሮጥ ወንድሞች እንቅፋቱን አነሳን ወይስ እኛው ሆንነው? አሥር ደቂቃ ቀድሞ መነሳት፣ ራቅ አድርጎ ማቆምና በእግር መምጣት ከባድ ነገር አይደለም።

መኪናችንን እንውደድ፣ እንጠብ፣ እንንከባከብ። ነገ የምንጠየቀው ግን ከመስታወቱ ውጪ ስላለው ሰውም ጭምር ነው። አላህ (ሱ.ወ) የሰጠንን ኒዕማ ለሌላው በላእ ከማድረግ ይጠብቀን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።