ጸጥታ ምስክር ይሆናልን?

በዛንዚባር ደሴት፣ ከዋናው ከተማ ወደ ሰሜን ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ማንጋፕዋኒ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። ስሙ በስዋሂሊ ቋንቋ የዓረቦች ዳርቻ ማለት ነው። አሸዋው ነጭ፣ ውሃው የጠራ ነው፤ ሕዝብም አይበዛበትም። ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚያመሰግነው ጸጥታውን ነው፤ እኛም ባየነው ጊዜ ያልነው ይህንኑ ነበር።

ከዚሁ ዳርቻ አጠገብ ግን፣ ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ ተፈልፍሎ ከመሬት በታች የተሠራ ጨለማ ቤት ይገኛል። በደረጃ ይወረድበታል። ሰዎች ጀልባ እስኪመጣ ድረስ እንደ ዕቃ ተከማችተው የሚቆዩበት ስፍራ ነበረ። አንባቢ ሆይ፣ ዘመኑን አስተውል። ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት የባሪያን ንግድ የሚከለክል ውል ፈርሞ የከተማው ገበያ የተዘጋው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. ነው፤ በገበያውም ስፍራ በዚያው ዓመት በልደት ቀን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ይህ ጨለማ ቤት ግን የተሠራው ከዚያ በኋላ፣ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ነው። ገበያው ሲዘጋበት ነጋዴው ንስሐ አልገባም፤ ጸጥ ያለ ስፍራ ፈለገ እንጂ።

እንግዲህ ዛሬ እንግዳውን ደስ የሚያሰኘው ጸጥታ፣ ያን ጊዜ ነጋዴውን ደስ ያሰኘው ያው ጸጥታ ነው። በእንደዚህ ያለ ስፍራ ማረፍና መደሰት ይገባልን?

አንዳንዶች፣ ያለፈው አልፏል፤ አሸዋ ኃጢአት የለበትም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፣ ስፍራው ይታጠር፤ ማንም አይዋኝበት ይላሉ። ሁለተኞቹን ልባቸው ስላዘነ እናከብራቸዋለን፤ ነገር ግን በዚያ ዳርቻ መረባቸውን ጥለው ልጆቻቸውን የሚመግቡ ዓሣ አጥማጆች አሉ፤ ባሕራችሁ የተረገመ ነው ብሎ ለእነርሱ መንገር ሌላ በደል ነው። ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር እሳት አንድዶ ደቀ መዛሙርቱን ዓሣ አብልቷል፤ በባሕር ዳር ማረፍ በራሱ ነውር አይደለም።

የፊተኞቹ አሳብ ግን ውስጡ ስሕተት አለበት። ጸጥታን እንደ ምስክር ይቆጥረዋል፤ የሚጮህ ከሌለ የተበደለ የለም ይላል። ቃየል ወንድሙን በገደለ ማግሥት ያ ሜዳ ጸጥ ያለ እንደ ነበረ አንጠራጠርም፤ የኦሪት ዘፍጥረት አራተኛ ምዕራፍ የሚነግረን ግን እግዚአብሔር ከምድሪቱ የሰማው ሌላ እንደ ሆነ ነው። የሰው ጆሮ አለመስማቱ ስለ ጆሮው እንጂ ስለ ስፍራው አይመሰክርም።

ከዚህ ላይ፣ ሕግ ልብን አይለውጥም ማለት የምንወድ እኛ ሰባኪዎች ጥቂት እንቆም ዘንድ ይገባናል። ጨለማው ቤት ቃላችንን የሚደግፍ ይመስላል። ነገር ግን ያለ ሕግ፣ በአደባባይ ይሠራ የነበረው ወደ ጉድጓድ ባልተሸሸገም ነበር፤ ባለ ሥልጣን ክፉውን ሲከለክል እግዚአብሔር ያኖረውን ሥራ ይሠራል። በሌላይቱ ደሴት፣ በምጽዋ፣ ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1870 ዓ.ም. ከባርነት ነጻ ወጣ። በልጅነቱ ከእናቱ እቅፍ የተሰረቀው ይህ ሰው በስዊድን ሚሲዮን ተምሮ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ መጽሐፉም በ1899 ዓ.ም. ታተመ። የእርሱን ስም እናውቃለን። በማንጋፕዋኒ ደረጃ ወርደው በሌሊት ወደ ጀልባ የተወሰዱትን ግን ማን ብለን እንጥራቸው? ከእነርሱስ መካከል ስንት መጽሐፍ ሳይጻፍ፣ ስንት መዝሙር ሳይዘመር ቀረ?

ይህም የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። በጅቡቲ፣ በኦቦክ አካባቢ፣ ከአገራችን የወጡ ወጣቶች ወደ የመን የምታሻግራቸውን ጀልባ ይጠብቃሉ። ወደው የተነሡ ናቸው፤ በመንገድ ግን በደላሎች እጅ ወድቀው ለማስለቀቂያ ገንዘብ የሚታሰሩና የሚደበደቡ አሉ፤ በባሕሩም ብዙዎች ሰጥመዋል። ጀልባዋ የምትመጣው ሰው ወደማይታይበት ዳርቻ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ነው።