በክፉ ቀን እንዝርትሽን አትስቀይ

ልጄ፣ ባልሽን በቀበርንበት ሰሞን «ቀኑ አልመሽ፣ ሌሊቱ አልነጋ አለኝ» ስትይኝ መልስ ሳልሰጥሽ ወጣሁ። ለቅሶ ቤት ምክር አይሰማም፤ ሰው ብዙ ነው፣ ልብም ቦታው ላይ አይደለም። አሁን ድንኳኑ ፈርሷል፣ የእድሩ ወንበር ተመልሷል፣ ዘመድም ወደየቤቱ ገብቷል። ከባዱ ጊዜ የሚጀምረው አሁን ነውና የማውቀውን ልንገርሽ።

እኔ ባሌን የቀበርኩ፣ የ1977ን ድርቅ እዚሁ ወላይታ ሶዶ ሆኜ ያየሁ፣ ዕድሜዬንም ለልጆች የእጅ ሥራ በማስተማር የጨረስኩ ሴት ነኝ። ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ ልብ አልታዘዝ ሲል እጅ ይታዘዛል፤ እጅ ሥራ ከያዘ ደግሞ ልብ ቀስ እያለ ይከተለዋል። ሐዘን ተመክሮ አይወጣም። «አይዞሽ» መልካም ቃል ነው፣ ግን ብቻውን ቀን አያስመሽም። ለእኔ ቀኑን ያስመሹልኝ ጥጥና ክር፣ መርፌና ጨርቅ ናቸው።

በወላይታ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ሶዶ የዳሞታ ተራራ ግርጌ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ለጥጥ አይሆንም፤ ጥጡ የሚመጣልን ከቆላው ነው። በ1960ዎቹ ዋዱ የምንለው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ቆላው አባላ ላይ ገበሬ ሲያሰፍር ጥጥም ይዘራ ነበር፤ የዚያን ጊዜ እናቶቻችን ጥጥ በቅርብ ያገኙ ነበር። ዛሬ የፋብሪካ ክር ገበያውን ሞልቶታል። ሸማኔውም ለድሩ እሱን ይመርጣል፤ ለማጉ ግን አሁንም የሴት እጅ የፈተለውን ይፈልጋል፤ ጋቢን ለስላሳና ሞቃት የሚያደርገው እሱ ነውና።

ይህን የምነግርሽ ታሪክ ላስጠናሽ ብዬ አይደለም። የጥጥ ሥራ ለሐዘንተኛ የሚመች ደረጃ ደረጃ እንዳለው እንድታውቂ ነው። መጀመሪያ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል። ይህ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ንዴት ሲይዝሽ፣ «ለምን እኔ?» የሚለው ጥያቄ ሲያንገበግብሽ ዳምጪ። ቀጥሎ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ድምፅ ቤቱን ስለሚሞላው ዝምታው በሚከብድበት ከሰዓት በኋላ ንደፊ። የተነደፈው ተጠቅልሎ አመልማሎ ከሆነ በኋላ ፈትል ይመጣል። ፈትል የለመደ እጅ ዓይን አይፈልግም፤ እንባሽ እየወረደ መፍተል ትችያለሽ። ክሩ ቢበጠስም ጫፉን ከአመልማሎው ጋር ደርበሽ መልሰሽ ማሾር ነው፤ ማንም አይቆጣሽም።

በ1977 በቆሎው ሲከዳን፣ ስኳር ድንቹም መሬት ውስጥ ሲቀር፣ እንሰት ጓሮው ውስጥ የነበረው ሰው ብቻ ትንሽ ተንፈስ አለ። እናቴ በዚያ ዓመት የተረፈቻትን ጥጥ ጠዋት ጠዋት ትፈትል ነበር። ጋቢ የሚገዛ ሰው አልነበረም፤ ክር የሚገዛም እንዲሁ። እኔ ወጣት ስለነበርኩ ነገሩ አልገባኝም፤ ጉልበቷን በከንቱ የምትጨርስ ይመስለኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ባሌን አጥቼ አልጋ ላይ የቀረሁ ጊዜ ነው የገባኝ። እናቴ ጠዋት የምትነሳበት ምክንያት ለራሷ እያበጀች ነበር። ዝናቡ ሲመለስ ልቃቂቶቹ ለሸማኔ ተሰጡና ለታናሽ ወንድሜ ጋቢ ሆኑ። ክፉው ዓመት ራብ ብቻ ሳይሆን አንድ ልጅ የሚሞቅበትንም ነገር ትቶ አለፈ።

እንግዲህ ከየት እንደምትጀምሪ ልንገርሽ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አትሥሪ፤ አልቅሺ፣ ሰው ሲመጣ ተቀበዪ፣ የሚያጎርሱሽን ጉረሺ። ከዚያ በኋላ በትንሹ ጀምሪ። «ዛሬ አንድ አመልማሎ» በይ እንጂ ስለ ጋቢው አታስቢ። ማታ ስትተኚ የነገውን ሥራ ጀምረሽ ተዪው፤ አመልማሎው ከእንዝርቱ አጠገብ ይቀመጥ፣ መርፌው ክር ገብቶለት ጨርቁ ላይ ይሰካ። ሐዘንተኛ ጠዋት ላይ ምንም መወሰን አትችልም። የተጀመረ ሥራ ግን ውሳኔ አይጠይቅም፤ ከቆመበት መቀጠል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር የባልሽ ልብስ ነው። ልማዳችን ለተቸገረ መስጠት ነው፣ ጽድቅም ነው፤ አብዛኛውን ስጪ። ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አታስወጪ። አንድ ሁለት ሸሚዝ፣ ሱሪውንና ያረጀ ጋቢውን ለራሽ አስቀሪ። ልብ ስታገኚ እጠቢያቸውና ፀሐይ ላይ አስጪያቸው። ከዚያ በስፌታቸው በኩል ፍቺያቸው። ክርኑና ኮሌታው የሳሳ ስለሚሆን ተዪው፤ የጀርባው ጨርቅ ግን ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው። እኩል እኩል አድርገሽ ቁረጪና ዳር ከዳር አጋጥመሽ ስፊ። ከሥሩ አቡጀዲ አንጥፊ፣ ከመካከል አሮጌውን ጋቢ አድርጊ፣ ሦስቱን አንድ ላይ ይዘሽ መርፌውን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እያመላለስሽ አያይዢያቸው። ልጆችሽ የአባታቸውን ሸሚዝ ለብሰው ይተኛሉ።

«ድሪቶ ነው» የሚልሽ ሰው አይጠፋም፤ አትስሚው። በአገራችን የተጣጣፈ ልብስ የድህነት ምልክት፣ ባለ እጅም የሚናቅ ሰው ሆኖ ኖሯል። ንቀቱ ከመክፋቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ቁራጭ ጨርቅ ማጋጠም ግን ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ሸማኔው የሚሠራው ጠባብና ረጅም ሸማ ነው፤ እሱ ተጣጥፎ፣ ዳርና ዳሩ ተጋጥሞ ሲሰፋ ነው ባለ አራት እጥፍ ጋቢ የሚሆነው። የምንኮራበት ጋቢ ራሱ የመርፌ ሥራ አለበት።

በውጭም ይህን ያደረጉ ሴቶች አሉ። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ የምትባል የጥቁር ገበሬዎች መንደር አለች። አያቶቻቸው በባርነት ጥጥ ሲለቅሙ የኖሩ ሴቶች ቤታቸው ብርድ ስለሚያስገባ ያረጀ የሥራ ልብስ እየቆረጡ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል የመንደሩ ሴት ባሏ ሞቶባት በ1942 እ.ኤ.አ. የሥራ ልብሶቹን ሰብስባ አንድ ብርድ ልብስ ሰፋች። ልጇ በኋላ እንደተናገረችው፣ ፍላጎቷ እሱን ማስታወስና በፍቅሩ ተሸፍና መተኛት ነበር። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚያች መንደር ሴቶች ሥራ በአሜሪካ ታላላቅ ሙዚየሞች ለዕይታ ቀርቧል። ሲሰፉ ግን ሙዚየም በሐሳባቸው አልነበረም፤ ሌሊቱ ብርድ ነበር፣ ልጆችም ነበሩ።

ሦስተኛው ምክሬ ይህ ነው፦ የምትሠሪው ለማን እንደሆነ እወቂ። ለማንም ያልታሰበ ሥራ መሐል ላይ ይቀራል። ለሚወለድ የወንድምሽ ልጅ ይሁን፣ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጅ ይሁን፣ ብርድ ለሚያማቸው አባትሽ ይሁን፣ ስሙን ጠርተሽ ጀምሪ። እኔ ከሐዘኔ በኋላ መጀመሪያ የጨረስኩት ጋቢ ለልጄ ልጅ ነበር። ገና ሳይወለድ ልቃቂቱ ሲያድግ ሳይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ትናንት ሳይሆን ስለሚመጣው ወር አሰብኩ።

አራተኛ፣ ብቻሽን አትፍተዪ። ጎረቤቶችሽን ጥሪ፤ አንዷ ትፍተል፣ አንዷ ዳንቴል ትሥራ፣ አንዷ የልጇን ልብስ ትጠግን፣ ቡናው ይፈላ። ፊት ለፊት ተቀምጠው «እንዴት ነሽ?» ሲሉሽ የማትመልሺውን ነገር፣ ዓይንሽ ክሩ ላይ ሆኖ ሳይታወቅሽ ትናገሪዋለሽ። ያላሰብሽውንም ትሰሚያለሽ፤ ጎረቤትሽ ለዓመታት በልቧ የያዘችው ሐዘን ይወጣል። በዚህ መልክ ስንት ሴት ሸክሟን እንዳወረደች እኔ ምስክር ነኝ። ወንዶች ልጆችሽንም አታርቂ። ደጋኑን ይያዙ፣ ጨርቁን ይቁረጡ፤ አባቱን ያጣ ልጅም እጁ ሥራ ይፈልጋል።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከ3,500 በላይ ሹራብ ሠሪዎችን ከልዩ ልዩ አገር ጠይቀው በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አዘውትረው የሚሠሩት ይበልጥ መረጋጋትና ደስታ እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። የተጠየቁት ሥራውን የሚወዱ ሰዎች ስለሆኑ መድኃኒት ተገኘ ማለት አይደለም። እናቶቻችን በእንዝርት ያዩትን ሌሎችም በሹራብ መርፌ እንዳዩት ግን ያሳያል።

መድኃኒት አይደለም ያልኩሽን በደንብ ያዢው። እንቅልፍ ለሳምንታት እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ልጆችሽን ማየት ካቃተሽ፣ ወይም መኖር ከንቱ ነው የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ እንዝርቱን አስቀምጪና ለእህትሽ ነግረሽ ከእሷ ጋር ሐኪም ቤት ሂጂ። ጸልዪም፣ ታከሚም፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የእጅ ሥራ የሚረዳው ሕመሙ የሚቻል ሲሆን ነው።

የገንዘቡንም ነገር አልደብቅሽም፤ ባል ሲሞት ኪስም ይጎድላል። የፈተልሽውን ክር መሸጥ፣ ጋቢ አሠርቶ ገበያ ማውጣት ነውር የለውም፣ የጉብዝና ሥራ ነው። ግን ሁለቱን ለዪያቸው። ለገበያ የሚሠራው የገበያውን ዋጋና ቀን ይከተላል፤ ለልብሽ የምትሠሪው ግን ማንም የማያጣድፈው ይሁን። ከባልሽ ልብስ የሰፋሽውን በምንም ዋጋ አትሽጪ። የሽያጩን ገንዘብም ለብቻው ያዢ፤ ከቤት ወጪ ጋር ከተቀላቀለ ለሚቀጥለው ጥጥ መግዣ አይተርፍሽም።

ሥራሽ መጨረሻ እንዲኖረው ደግሞ ቀን ቁረጪለት። መስከረም ላይ የወላይታ አዲስ ዓመት፣ ግፋታ ነው። በእኛ ዘንድ የተጣላ የሚታረቀው፣ ቤት የሚታደሰው፣ ሰው ሁሉ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩን ዱንጉዛ ለብሶ የሚወጣው ለአዲሱ ዓመት ነው። አንቺ ዘንድሮ ዱንጉዛ ለመልበስ ልብ ላይኖርሽ ይችላል፤ ማንም አያስገድድሽ። ግን ብርድ ልብሱን ወይም ጋቢውን ለግፋታ ጨርሺው። ያለፈው ዓመት ባዶ እንዳልነበረ ለራስሽ ታሳያለሽ።

ከዚያ በኋላ አንድ አደራ አለብሽ። በዚህች ከተማ ድንኳን ሳይተከል የሚያልፍ ሳምንት የለም። ሁሉም ሰው ለቅሶ ሲደርስ አንቺ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ድረሺ። ጥጥና እንዝርት ይዘሽ ሂጂ፣ አጠገቧ ተቀመጪ፣ አትምከሪያት፤ ፈትይ። እሷም አይታ እጇን ስትዘረጋ አመልማሎውን ስጪያት። ለእኔ እንዲህ ያደረገችልኝ ሴት ነበረች፤ ዛሬ እኔ ላንቺ በቃል አደረግሁት፤ ነገ ተራው ያንቺ ነው።