የአሮጌ ወይን ጠጅ ቅምሻና የምላስ ሐቀኝነት

የሰው ልጅ በእጁ ከሚያዘጋጃቸው ምግቦችና መጠጦች አብዛኞቹ ጊዜን አይችሉም። እንጀራ ሲሰነብት ይሻግታል፤ ጠላ ሲቆይ ይኮመጥጣል፤ ወተትም ካደረ ይረጋል። ጊዜን መቋቋም ብቻ ሳይሆን በጊዜ ተጠቅመው የሚሻሻሉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ በፈረንሳይ አገር፣ በቦርዶና በቡርጎኝ አውራጃዎች፣ ከተመረጠ ፍሬ የሚጠመቀው ቀይ ወይን ጠጅ ነው። በምድር ቤት ጨለማ ሃምሳ፣ ስልሳ፣ አንዳንዴም መቶ ዓመት የተኛ ጠርሙስ ሲከፈት በዙሪያው የሚሰበሰቡት ሰዎች የሚፈጽሙት ቅምሻ ጥማትን ከማርካት ያለፈ ጥያቄ ያስነሣል። ቀማሹ የሚቀምሰው ምንድን ነው? መጠጡን ነው? ዕድሜውን ነው? ወይስ ስሙን? ከዚህ የሚከተለው ደግሞ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ ምላስ አንድ ነገር፣ ስም ሌላ ነገር ሲመሰክሩ ሰው ለየትኛው ይታመን?

ጥያቄውን በሚገባ ለመመርመር በመጀመሪያ በጠርሙሱ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። ወጣት ቀይ ወይን ጠጅ ከፍሬው ቅርፊትና ዘር ያገኘው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ አፍን የሚያጨማድደው እርሱ ነው። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ታኒኑና የቀለሙ ንጥረ ነገሮች እርስ በርስ እየተያያዙ ይከብዳሉ፤ ከብደውም እንደ አተላ ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ሻካራው ይለሰልሳል፤ ወደ ሐምራዊ ያደላ የነበረው ቅላት የሸክላ መልክ እየያዘ ይሄዳል፤ የትኩስ ፍሬው መዓዛም ለደረቀ ቅጠል፣ ለእንጉዳይ፣ ለቆዳና ለትምባሆ ሽታ ቦታውን ይለቃል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ጠርሙሱ በቀዝቃዛና በጨለማ ስፍራ፣ ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት አካባቢ ሲቀመጥና ቡሹ አየርን በእጅጉ ሲከለክል ነው። ቡሹ ከደከመ አየር ይገባል፤ አየር ከገባም መጠጡ ይሞታል። ስለዚህ ከአንድ በርሜል፣ በአንድ ቀን የተሞሉ ሁለት ጠርሙሶች ከስልሳ ዓመት በኋላ ሁለት የተለያዩ ዕጣዎች ሊደርሷቸው ይችላሉ፤ አንዱ ሕያው ሲሆን ሌላው በድን ይሆናል።

የቅምሻው ሥርዓትም ይህንኑ የተከተለ ነው። ጠርሙሱ አተላው እንዲረጋ ቢያንስ አንድ ቀን ቀጥ ብሎ ይቆማል። የረጠበውና የተፈረከሰው ቡሽ በጥንቃቄ ይወጣል። ቀጂው አንገቱ ሥር ሻማ አብርቶ፣ አተላው ብቅ ሲል እስኪያይ ድረስ፣ መጠጡን ቀስ አድርጎ ወደ ሌላ ማጠራቀሚያ ያንቆረቁረዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት የጠበቀው መዓዛ አየር ካገኘው አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይጠፋል። በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉ ሰዎች ፍርዳቸውን መስጠት ያለባቸው በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

ጣዕም ሊፈረድበት የሚችል ነገር ነውን? እንግሊዝኛ ጸሐፊው ስኮትላንዳዊ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1757 (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ድርሰቱ ይህንኑ ሲመረምር ከሰርቫንቴስ ዶን ኪኾቴ አንድ ታሪክ ወስዷል። ሁለት ዘመዳሞች ምርጥ ነው የተባለ የበርሜል ወይን ጠጅ እንዲቀምሱ ይጋበዛሉ። አንደኛው ጥሩነቱን አምኖ ጥቂት የቆዳ ጣዕም እንዳለበት ይናገራል፤ ሁለተኛውም ያመሰግንና ጥቂት የብረት ጣዕም አገኘሁበት ይላል። የተሰበሰበው ሁሉ ይስቅባቸዋል። በርሜሉ ተጠጥቶ ሲያልቅ ግን ከሥሩ በቆዳ ማንገቻ የታሰረ አሮጌ ቁልፍ ይገኛል። ታሪኩ ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገሩ ከባድ ነው። ጣዕም የግል ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁልፉ ባልተገኘ ነበር። የሁለቱ ሰዎች ታላቅነት ግን ምላሳቸው ስል በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃው ሳይገኝ፣ ሰው ሁሉ እየሳቀ፣ የቀመሱትን በመናገራቸው ነው።

ይሁን እንጂ ምላስም ጉቦ ይቀበላል። በ2001 የታተመ የቦርዶ ተመራማሪዎች ጥናት ነጭ ወይን ጠጅን ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም አቅልቶ ለ54 የወይን ጠጅ ሥራ ተማሪዎች አቀረበ፤ ተማሪዎቹም መዓዛውን ቀይ ወይን ጠጅ በሚገለጽባቸው ቃላት ገለጹት። በ2008 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አንዱን ወይን ጠጅ በሁለት ልዩ ልዩ ዋጋ እያስተዋወቀ ለ20 ሰዎች አቀመሰ። ሰዎቹ ውድ ነው የተባለውን የበለጠ ወደዱት፤ ደስታን የሚመዝነው የአንጎላቸው ክፍልም የበለጠ ሲሠራ ታየ። እነዚህ ሰዎች አልዋሹም። በእርግጥ ጣፍጧቸዋል። አስጨናቂው ነገርም ይኸው ነው፤ ስምና ዋጋ አንደበትን ብቻ ሳይሆን ስሜትን ራሱን ያጣምማሉ። እንግዲያው ሐቀኛ ለመሆን የተሰማን መናገር ብቻውን አይበቃም፤ የሚሰማን ከየት እንደ መጣም መመርመር ያሻል።

አስመሳዮች የሚያርሱት ይህንኑ መሬት ነው። ሩዲ ኩርኒያዋን የተባለ ሰው በካሊፎርኒያ ቤቱ ወጣት ወይን ጠጆችን እያደባለቀ፣ የታወቁ እርሻዎችን ስም የያዘ ወረቀት እየለጠፈ፣ እንደ ጥንታዊ ጠርሙስ ሲሸጥ ኖረ። በ2008 በኒውዮርክ ጨረታ የቀረቡለት ጠርሙሶች መካከል የ1945 መከር ነው የተባለ ነበረበት፤ ስሙ የተለጠፈበት የቡርጎኝ ቤተሰብ ግን ያን ወይን ጠጅ መጥመቅ የጀመረው በ1980ዎቹ ነበር። ሰውዬው በ2013 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ በ2014 የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት። ማጭበርበሩን በመጀመሪያ ያጋለጠው ሊቃውንት ቀማሾች በየግብዣው የሰጡት ፍርድ ሳይሆን የዓመተ ምሕረት ስሕተት መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። ጠጪው ከተደሰተ፣ መጠጡም ካልጎዳው፣ በደሉ ምኑ ላይ ነው? ገንዘቡን ያጣው ባለጸጋ ነው፤ ለእርሱ ማን ያለቅሳል? ክርክሩ የሚያማልል ቢሆንም ስሕተት አለበት። የቆየ ጠርሙስ መጠጥ ብቻ ሳይሆን ምስክርም ነው። በ1945 በቦርዶ የጸደይ ውርጭ እንቡጡን መታው፤ የተረፈው ጥቂት ፍሬ በሞቃት በጋ በሰለ፤ ጦርነቱ ባበቃ በጥቂት ወራት ውስጥም ተለቀመ። ከታወቁት እርሻዎች አንዱ፣ ሙቶን፣ በዚያ ዓመት ጠርሙሱ ላይ የድል ምልክት አተመ። ያን መከር የለቀሙ እጆች ዛሬ አፈር ሆነዋል። ከዚያ መከር ሳይሆን በሌላው ወይን ጠጅ የተሞላ ጠርሙስ የሚሰርቀው ከገዢው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከሞቱት ሠራተኞችም ምስክርነታቸውን ይሰርቃል።

ስለ ሠራተኞች ከተነሣ ዘንድ የጊዜ ዋጋ የማን ነው የሚለውም መጠየቅ አለበት። እንግሊዛዊው የኤኮኖሚ ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶ በ1823 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ በምድር ቤት ተቀምጦ ዋጋው የሚጨምር ወይን ጠጅ ዋጋን በድካም መጠን ለሚለካው ትምህርቱ ችግር እንደ ሆነበት ገልጾ ነበር። ካርል ማርክስም በ1885፣ ከሞተ በኋላ፣ በታተመው የካፒታል ሁለተኛ መጽሐፍ፣ የሥራ ጊዜንና የምርት ጊዜን ሲለይ እየፈላ በዕቃው የሚቆየውን ወይን ምሳሌ አድርጎታል፤ ሰው እጁን ካነሣ በኋላ ተፈጥሮ ሥራዋን ትቀጥላለችና። ጊዜን ማንም አልፈጠረውም። የጊዜን ዋጋ የሚቀበለው ግን ምድር ቤቱን የያዘው ነው። ገራዡ፣ ለቃሚው፣ በርሜል ሠሪው በቀን ሒሳብ ተከፍሏቸው ሄደዋል፤ የድካማቸው ፍሬ ከደረሰበት ማዕርግ አንድ ጉንጭ እንኳ ሳያገኙ የሞቱም ብዙዎች ናቸው። በ1855 ለፓሪሱ ትርኢት የቦርዶ ደላሎች ያወጡት የማዕርግ ዝርዝር፣ እነላፊትን፣ እነላቱርን፣ እነማርጎንና ኦ ብሪዮንን በቀዩ ወይን ራስ ላይ ያስቀመጠው ዝርዝር፣ የተመሠረተው በዋነኛነት በገበያ ዋጋ ላይ ነበር።

ስሙን ብቻ የሚሻ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን የ1985 ታሪክ ያሳያል። በዚያ ዓመት ለንደን ላይ በጨረታ የቀረበ፣ የ1787 ላፊት ነው የተባለና የቶማስ ጄፈርሰን ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተቀረጹበት አንድ ጠርሙስ በ105 ሺህ ፓውንድ ተሸጠ። የገዙት ሰዎች ሊጠጡት አልነበረም፤ በመስተዋት ውስጥ ለትርኢት አስቀመጡት። የመብራቱ ሙቀት ቡሹን አደረቀው፤ ቡሹም ተንሸራቶ መጠጡ ውስጥ ወደቀ። ሌላ ገዢ ከዚያው ምንጭ ያገኛቸውን መሰል ጠርሙሶች ከዓመታት በኋላ ሲያስመረምር፣ ፊደላቱ በዘመናዊ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሳይቀረጹ እንዳልቀሩ ባለሙያዎች ገለጹለት። ለመጠጣት የተሠራ ነገር፣ ማንም ሳይቀምሰው፣ በስሙ ብቻ ኖሮ በስሙ ብቻ ሞተ።

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ ምንድን ነው? ስምን መናቅ አይደለም፤ ታሪክ የሌለው ጣዕም ድሃ ነውና። ለስም መስገድም አይደለም። መንገዱ ሁለቱን ምስክሮች ለየብቻ መስማት ነው። ጠንቃቃ ቀማሾች ጠርሙሱን በጨርቅ ሸፍነው ይቀምሳሉ፤ ያገኙትንም፣ ጉድለቱን ሳይቀር፣ ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ ጨርቁ ይነሣል፤ ዓመቱ ይነበባል፤ ታሪኩ ይነገራል። ምላስ ስለ መጠጡ፣ ታሪክ ስለ ዕድሜው ይመሰክራሉ። አንዱ የሌላውን ቃል ከሰጠ ሐሰት ነው።

ፈተናው የሚከብደው ታላቅ ስም ያለው ጠርሙስ ሞቶ ሲገኝ ነው። አስተናጋጁ ለዓመታት ጠብቆታል፤ እንግዶቹ ፊቱን እያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሰው አመስግኗል፤ ሁለተኛውም ተከትሏል። ሦስተኛው ምን ይበል? ይሉኝታ አንድ ነገር ይመክረዋል፤ ምላሱ ሌላ። አስተናጋጁን ሳያዋርድ፣ ለዕድሜውና ለሠሪዎቹ ክብር ሰጥቶ፣ መጠጡ ግን እንዳለፈ ቢናገር በደል ሠራ አይባልም። ዝም ቢል ወይም ቢያወድስ ግን የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም። ሌላ ቀን በእውነት ሕያው የሆነ ጠርሙስ ሲገኝ የሚሰጠው ምስጋና ዋጋ አይኖረውም፤ አጠገቡ ተቀምጦ የሚማረው ወጣትም ሞትን ሕይወት ብሎ መጥራት ይለምዳል።

የአንጋፋ ደራሲን ደካማ መጽሐፍ የሚገመግም ሐያሲ፣ የታወቀ ሠዓሊን ሥዕል ለተማሪዎቹ የሚያስረዳ መምህር፣ በስብሰባ ላይ የተከበረ ሰው ያቀረበውን ሐሳብ የሚመዝን ካድሬ፣ ሁሉም የሚቀመጡት በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ሳቁን ሳይፈሩ ቆዳና ብረት ቀመስን ያሉት ሁለቱ ሰዎች ያን ቀን ቁልፍ መኖሩን አላወቁም ነበር። ቁልፉ የሚገኘው ሁልጊዜ በርሜሉ ካለቀ በኋላ ነው።