ከአሥር ቁና አንዷ

ሰንጋ ተራ ላይ የባንክ ፎቅ ሳይበቅል፣ ሰንጋው ራሱ በገመድ እየተጎተተ በሚሸጥበት ዘመን አንድ የከብት ነጋዴ ነበረ። ሁለት ወንድማማቾች መጥተው፣ “ጌታዬ፣ በሬ በዱቤ ይስጡን” አሉት።

“ዋጋውን በአንዴ አምጡ አልልም” አላቸው። “ከምታገኙት ከአሥር ቁና አንዷን እያመጣችሁ ትጨርሳላችሁ። ወለድ የለውም። የበሬው ወረቀት ግን እኔ ዘንድ ይቀመጣል፤ ያለ ወረቀት ገበያ አታወጡትም።”

ታላቅየው አረሰ። በጥጋቡ ዓመት በአህያ ጭኖ መጣ፤ ውርጭ በመታው ዓመት ሁለት ቁና ይዞ መጣ። አንበጣ በወረደበት ዓመትማ ባዶ እጁን መጥቶ፣ “ዘንድሮ ምንም የለኝም” አለ። ነጋዴው ደብተሩን ገልጦ መምጣቱን ጻፈለትና፣ “ከምንም ላይ አሥራት አይወጣም” ብሎ ቡና አስፈላለት።

ታናሽየው በሬውን አከራይቶ ንግድ ገባ። የወንድሙ እህል አውድማ ላይ ይታያል፤ የእሱ ትርፍ ኪሱ ውስጥ ስለሆነ የሚሰፍረው የለም። “ብር በየዓመቱ ይረክሳል፤ ዘግይቼ ብከፍል ምን እጎዳለሁ?” ይል ነበር። ስሌቱስ ስህተት አልነበረም።

ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቁ ልጆች ይህን ነጋዴ ያውቁታል፤ ኮስት ሼሪንግ ይሉታል። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የወጪ መጋራት የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም 15 በመቶ ተማሪው ላይ ጥሏል። ሥራ ሲይዝ ቀጣሪው ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለገቢዎች ያስገባል። ደመወዝተኛው ወደደም ጠላ ታላቅየውን ይመስላል። በግሉ የሚሠራው ግን ራሱ ሄዶ ካልከፈለ ዕዳው አይነቃነቅም፤ በጊዜያዊ ዲግሪው፣ በቴምፖ እየሠራ ይከርማል፣ ኦሪጂናል ዲግሪው ያለ ክሊራንስ አይወጣም። ነጋዴውንም ቢሆን ንጹሕ ነው አልልም፦ ሥራ ያጣ ልጅ ወረቀት ከተያዘበት፣ አሥራቱን ከምን ያመጣል?

ወደ ወንድማማቾቹ ልመለስ። አንድ በጋ ወደ ጅማ የሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች ታናሽየውን አብረን እንሂድ አሉት። ገንዘብ አነሰውና ወደ ነጋዴው ሮጠ።

“ወረቀቴን ይስጡኝ፣ በሬውን ልሽጥ።”

“ዋጋው ያኔ የነገርኩህ ነው፤ አንድ ብር አልጨመርኩም። ዛሬ ግን ሙሉውን ነው።”

“ከአሥር አንድ አልነበረም እንዴ ጌታዬ?”

“ነበር፤ ስታገኝ ብትመጣ። ስታጣም ብትመጣ ቡና ነበረህ።”

ለመንገዱ የገዛቸውን ሁለት በቅሎዎች ሸጦ ከፈለ። ወረቀቱን ተቀብሎ፣ በሬውን ለመሸጥ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ገበያ መቆየት ነበረበት፤ ነጋዴዎቹ እስከዚያ ጊቤን ተሻገሩ።