ርስት በሺህ ዓመቱ

ቅዳሴ ወጥቶ በእንጦጦ ማርያም ቅጥር ከአንድ አዛውንት አጠገብ ተቀምጫለሁ። ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጧት ትንሽ ሬዲዮ ስለ ጋዛ ታወራለች። ጥቂት ሰሙና ዘጓት። «ምኑ ያከራክራል ልጄ? ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ። አለቀ።»

ለእኔ ግን አላለቀም። ተረቱን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እስራኤል ላይ ሲያርፍ ግን ስለ ራሱ ስለ ርስት ቆም ብዬ እንዳስብ አደረገኝ። በጎጃምና በጎንደር ደንብ አቅኚው አባት ባቀናው መሬት ላይ በአባቱም በእናቱም በኩል የሚወለድ ሁሉ ድርሻ አለኝ ማለት ይችል ነበር። አያቱ ቢሰደድ እንኳ መብቱ አይሞትም፤ ሐረጉን ቆጥሮ ካስረዳ ይካፈላል። ቴዎዶር ኸርዝል በ1889 ዓ.ም. ባዝል ላይ የመጀመሪያውን የጽዮናውያን ጉባኤ ሲጠራ፣ አይሁድ ወደ አባቶቻቸው ምድር ይመለሱ የሚለውን ሐሳብ ለአውሮፓ ዲፕሎማት ከማስረዳት ለጎጃም ባላገር ማስረዳት ሳይቀለው አይቀርም።

እርግጥ ጉዳዩ ርስት ብቻ አልነበረም። ሩስያ ውስጥ አይሁድ ይሳደዱ ነበር፤ ኋላም ስድስት ሚሊዮን ሰው ያለቀበት እልቂት መጣ። እኔን ከሁለት ሺህ ዓመት ትዝታ ይልቅ የሚያሳምነኝ ይኸኛው ነው፤ የሚታረድ ሰው መጠጊያ ቢሻ ማን ይፈርድበታል?

ተረቱ የማይናገረው ነገር ደግሞ አለ። በርስት ደንብ ተመላሹ ይካፈላል እንጂ ነባሩን አያስወጣም። መሬቱን የያዘው ሰው ያው የአንድ አያት ልጅ ነውና ድርሻው ይጠባል እንጂ አይነቀልም። አይሁዱም አረቡም አባታችን አብርሃም ነው ይላሉ፤ በእኛ ዳኛ ፊት ቢቆሙ ነገሩ የወንድማማች ሙግት በሆነ ነበር።

የቆሙት ግን በሌላ ዳኛ ፊት ነው። ኅዳር 19 ቀን 1940 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፍልስጤምን ለሁለት ሲከፍል 33 አገሮች ደገፉ፣ 13 ተቃወሙ፣ 10 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያ ከአሥሩ አንዷ ነበረች። ከነዋሪው አንድ ሦስተኛ ገደማ ለነበሩት አይሁድ ከመሬቱ ከግማሽ በላይ ደረሳቸው፤ አረቦቹ አንቀበልም አሉ። የተከተለው ጦርነት ሲያበቃ 700,000 ያህል ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ውጭ ቀርተው ነበር። እኛ ለምን ዝም አልን? በእኔ ግምት ኤርትራ ገና በእንግሊዝ እጅ ስለነበረች ነው፤ የአረቡንም የምዕራቡንም ድምፅ ነገ የሚሻ መንግሥት ዛሬ አንዱን አያስቀይምም። ንጉሡ ራሳቸው ከ11 ዓመት በፊት ስደተኛ ሆነው ኢየሩሳሌም ተጠግተው ነበር። ስደትን የሚያውቅ ሰው የትኛውን ስደተኛ ይመርጣል?

ግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከቦሌ ወደ እስራኤል ተነሡ። ጎንደር ተወልዶ ጎንደር ያደገው ሰው በእስራኤል ሕግ «ተመላሽ» ነው። ጃፋ ተወልዶ የቤቱን ቁልፍ ይዞ የወጣው ግን አይደለም። ሁለት ሺህ ዓመት ያልሻረውን መብት ሰማንያ እንኳ ያልሞላ ዓመት እንዴት ይሽረዋል? ተረቱን የያዘ ሰው እስከ ጫፉ መያዝ አለበት።

ፍልስጤማውያን ኅዳር 6 ቀን 1981 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ መንግሥትነታቸውን ሲያውጁ የሚያዙበት አንድ ጋሻ መሬት አልነበራቸውም። ቀልድ የመሰለው ሰው ነበር። እኛ ግን መሳቅ አይገባንም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጣልያን ባንዲራ ሲውለበለብ፣ እንግሊዝ እንኳ ለወረራው ዕውቅና ስትሰጥ፣ ጫካ የገባው አርበኛ አገሬ የለችም አላለም። የእኛ መንግሥት ቀድሞ የነበረ መሆኑ ልዩነት ነው፤ ቢሆንም በእነዚያ ዓመታት ያቆየው መዝገብ ሳይሆን ሕዝቡ ነው።

ይህን ሁሉ ለአዛውንቱ አላወራሁም። የጠየቅኋቸው ስለተቀመጥንበት ኮረብታ ነው። ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ወደዚህ የወጡት የጥንት ነገሥታት ከተማ ፍርስራሽ አለበት ስለተባለ ጭምር ነው፤ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም እዚሁ ማርያም ነው። እሳቸውም በባለርስት ወግ መመለሳቸው ነበር። ዛሬ ክፍለ ከተማ የምንላቸው የካና ጉለሌ ግን በሥፍራው ይኖሩ የነበሩ የኦሮሞ ጎሳዎች ስሞች ናቸው።

«እና አባባ፣ ይህ መሬት የማን ነው?»

«የመንግሥት ነዋ!» ብለው ሳቁ። ልክ ናቸው፤ ከየካቲት 1967ቱ አዋጅ ወዲህ ርስት የሚባል ነገር በሕግ የለም። ሳቃቸው ሲበርድ ዘንጋቸውን መሬት ላይ እያሹ ቀጠሉ። «የእኛ ርስት ቡልጋ ነበር። አባቴ በልጅነቱ ለቅቆ መጣ። አሁን የአጎቴ የልጅ ልጆች ያርሱታል።»

«ሄደው ጠይቀው ያውቃሉ?»

«ምን ብዬ? ልጅ ወልደውበታል» አሉና ሬዲዮዋን ከፈቱ።