«ፈትቻታለሁ» ማለት ያቃተው ባል

 

መተማ ዮሐንስንና የሱዳኗን ገላባት የሚለያቸው አንድ ድልድይ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋ ወደ ቆላው ከሚወርደው የቀን ሠራተኛ መካከል ድልድዩን ተሻግሮ እስከ ገዳሪፍ የሚዘልቅም አለ። ሚስቱ ወይም ያጫት ልጅ ከኋላ ትቀራለች። መጀመሪያ ይደውላል፣ ብር ይልካል። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ከዓመት በኋላ «ማዶ ሌላ አግብቷል» የሚል ወሬ ከአንድ ሾፌር አፍ ይሰማል። እሱ ግን አልፈታም፣ አልመጣምም።

ቢጠየቅ «ልቧን እንዳልሰብር ብዬ ነው» ይላል። ዐይን ያወጣ ሰበብ ነው! የፈራው የሽማግሌዎቹን ፊትና ያልከፈለውን መህር ነው። አንዳንዱም የማዶው ኑሮ ቢከፋ መመለሻ ትሁነኝ ብሎ ነው የሚያስቀምጣት።

ሸሪዓችን ለባል ያስቀመጠለት ሁለት መንገድ ነው፦ በመልካም መያዝ ወይም በበጎ ማሰናበት (አል-በቀራህ 229)። ወደ አንዲቱ ፈጽሞ አዘንብሎ ሌላይቱን እንደ ተንጠለጠለች መተው በአን-ኒሳእ 129 ተከልክሏል። ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። የተፈታች ሴት ዒዳዋ ሦስት የወር አበባ ነው፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ነው፤ ባሏ የሞተባት አራት ወር ከአሥር ቀን ትጠብቃለች። ሚስት ትሁን ፈት፣ ፈት ትሁን ባል የሞተባት የማታውቅ እህት የትኛውን ትቁጠር? ሌላ ሰው ቢጠይቃት ወሊይዋ ምን ብሎ ይመልስ?

የታጨችውም እንዲሁ ናት። እጮኝነት ቃል እንጂ ኒካህ አይደለምና መተው ይቻላል። ነገር ግን ሙስሊም በወንድሙ እጮኛ ላይ እንዳያጭ ተከልክሏል፤ የመጀመሪያው «ትቻለሁ» እስኪል ድረስ። ዝም ያለው ሰው በሩን ዘግቶ ቁልፉን ይዞ ሄዷል ማለት ነው።

የሳቢት ኢብን ቀይስን ሚስት ታሪክ እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ቀርባ በባሏ ዲንም ሆነ ጠባይ ነቀፋ እንደሌላት፣ ነገር ግን አብራው መኖር እንደማትችል ተናገረች። በመህር የሰጣትን የአትክልት ቦታ መለሰች፤ እሱም እንዲፈታት ታዘዘ። ስም ማጥፋት የለ፣ ሰበብ መደርደር የለ። እኛ ዘንድ ግን መለያየት የፈለገ ሰው አስቀድሞ የሌላውን ስም ያጠፋል!

በእርግጥ ዝም ያለ ሁሉ ከሃዲ አይደለም። በሱዳን ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ከተነሳ ወዲህ ስንቱ ሞቷል፣ ስንቱ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በኩል ሸሽቶ ገብቷል። ስለዚህ ቤተሰብ በጠፋው ሰው ላይ ከመፍረዱ በፊት የተሻገሩትን ይጠይቅ። ወሬው ከጠፋ ሴቲቱ ጉዳይዋን ለቃዲ ታቅርብ፤ የፊቅህ ሊቃውንት በሚጠበቀው ጊዜ ይለያያሉና።

ነገሬ በሕይወት ላለውና ስልክ በኪሱ ለያዘው ነው። ወንድሜ ሆይ! መተማ ድረስ መምጣት እንኳ አይጠበቅብህም። ሁለት ምስክር አቁም፣ ቃልህን ተናገር፣ ዒዳዋ ከዚያ ቀን ይቆጠራልና ቀኑን ጽፈህ ለወሊይዋ ላክ። የቀረ መህር ካለብህም በሚመጣ ሰው እጅ ይድረሳት።